ለቆዳ ፋብሪካ ሠራተኞች ደመወዝ መታገል እፈልጋለሁ፤ ከየት ልጀምር?

ጥያቄሽን አሳጥሬ ላስቀምጠው። በኢኮኖሚክስ ተመርቀሻል። አባትሽ ዕድሜውን በቆዳ ፋብሪካ ነው የገፋው። አንቺ ደግሞ ለእንደ እሱ ላሉ ሠራተኞች ተገቢ ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲወሰን መሥራት ትፈልጊያለሽ። ማስተርስ ይቅደም ወይስ ሥራ የሚለው ግራ አጋብቶሻል።

ማስተርሱ ይቆይሽ። መጀመሪያ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ መዝገብ) ማንበብ ልመጂ።

ለምን መሰለሽ? ዝቅተኛ ደመወዝ ሲባል ሁሉም የሚጨቃጨቀው በቁጥሩ ነው። ቁጥሩ ከጸደቀ በኋላ ግን ገንዘቡ በጓሮ በር ይወጣል። ከቆዳ ፀጉር የሚያነሱት ኬሚካሎች፣ ኖራና ሰልፋይድ፣ ያሉበት ድራም ላይ ዓመታት የሠራ ሰው "ረዳት" ተብሎ መጨረሻው እርከን ላይ ይቀመጣል። ትርፍ ሰዓትና አበል ይደመርና "ይኸው፣ ከወለሉ (ከተወሰነው ዝቅተኛ ደመወዝ) በላይ ከፍለናል" ይባላል። በኤጀንሲ የገባው ደግሞ ጭራሽ የፋብሪካው ፔሮል ላይ የለም።

በቁራጭ፣ ማለትም በሠሩት ቆዳ ብዛት፣ የሚከፈላቸውን በተለይ ልብ ብለሽ እያቸው። መብራት ጠፍቶ ወይም ኬሚካል ዘግይቶ የተቀመጡበት ሰዓት ይከፈላል? ካልተከፈለ፣ ወር ላይ ያገኙትን ግቢ ውስጥ በዋሉበት ሰዓት ሁሉ አካፍይውና ከወለሉ ጋር አስተያይው።

ቅጣትም አለ። ቆዳ ላይ ያለ ጉዳት ፀጉሩ እስኪነሳ ድረስ አብዛኛው አይታይም። ሲገፈፍ ቢላ ያሳረፈበት ቀዳዳ፣ የመዥገር ንክሻ፣ ሁሉም ብቅ የሚለው ፋብሪካ ከገባ በኋላ ነው። ታዲያ "ማን ቀደደው?" ሲባል ጣት የሚቀሰረው ቅርብ ወዳለው ማሽን ኦፕሬተር ነው። በእውነት ማሽኑ የበላውን ከቢላው ለይቶ የሚያውቅ ሰው ድርድር ላይ ወርቅ ነው። ይህን ደግሞ ከአባትሽ በላይ የሚያስተምርሽ የለም።

የአደጋ አበል ሲነሳ ተጠንቀቂ። የሰልፋይድ ፍሳሽ ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ የሚባል ጋዝ ይወጣል። ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዝና ሽታው የጠፋ ያስመስላል፤ ከዚያ ይገድላል። ስለዚህ አበሉ የመከላከያ ምትክ ሆኖ እንዲፈረም አትፍቀጂ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

የዓለም ሥራ ድርጅት (አይኤልኦ) ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ አወሳሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ያወጣውን 131ኛ ስምምነት አንብቢው፤ አጭር ነው። የሠራተኛውንና የቤተሰቡን ፍላጎት፣ የኑሮ ውድነቱን፣ ከዚያም ምርታማነትንና የሥራ ዕድልን አንድ ላይ ያስቀምጣል። አሠሪ ሁሌም የሚመዘው የኋለኛውን ነው። መልስ የሚሆንሽ ስሜት ሳይሆን የወጪ ስሌት ነው፦ የቆዳ ፋብሪካን ገንዘብ በዋናነት የሚበላው ጥሬ ቆዳውና ኬሚካሉ ነው። ደመወዝ ቢጨምር አንድ ያለቀለት ቆዳ ላይ ስንት ይመጣል? ይህን አስልታ የምትገባ ኢኮኖሚስት ትደመጣለች።

የት ትቀጠሪ? የእኔ ምርጫ የሠራተኛ ማኅበራት ፌዴሬሽን የጥናት ክፍል ነው። ደመወዙ አያኮራም፣ ግን ድርድሩን ከውስጥ ታያለሽ። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪነትም ጥሩ ነው፤ ሰነድ የማስቀረብ ሥልጣን አለው። ቆዳውን ለሚገዙ ኩባንያዎች ፋብሪካውን ኦዲት የሚያደርጉት የተሻለ ይከፍላሉ፤ ሆኖም ቀጠሮ ተይዞለት የሚታይ ፔሮል የተኳለ መሆኑን አትርሺ። የፋብሪካ ኤችአርን ግን አትናቂው። ደመወዝ እንዴት እንደሚሰላ ማየት የሚቻለው እዚያ ነው።

ከማመልከትሽ በፊት አንድ ሥራ ሥሪ። የአባትሽን ባልደረቦች አስፈቅደሽ የደመወዝ ወረቀታቸውን ሰብስቢ። ስማቸውን ደብቂ፤ ሰው እንጀራውን እንዳያጣ። መደብ፣ እርከን፣ በትክክል የሚሠሩት ሥራ፣ ግቢ የዋሉበት ሰዓት፣ የተቆረጠባቸው እና እጃቸው የገባው፦ እነዚህን በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አድርጊና ከሲቪሽ ጋር አያይዢው።