አባትን «እርስዎ»፣ እግዚአብሔርን «አንተ»?

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። እኛ ወላጅ አባታችንን «እርስዎ» እያልን ነው ያደግነው፤ ልጆቼም እኔን እንዲሁ ይሉኛል። በቀደም ትንሿ ልጄ ማታ «አባታችን ሆይ» ደግማ ስትጨርስ፣ «እርስዎን እርስዎ እያልሁ እግዚአብሔርን እንዴት አንተ እለዋለሁ? አይቆጣም?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። «ስምዎ ይቀደስ» ብንል አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። ጥያቄው ግን ከልጅ አፍ ስለ ወጣ ብቻ ቶሎ የሚታለፍ አይደለም።

ጸሎቱ ወደ አማርኛ የመጣው ከግእዝ ነው፦ «አቡነ ዘበሰማያት፣ ይትቀደስ ስምከ»። ግእዝ ለአንድ ወንድ ያለው «አንተ» ነው፤ ለአክብሮት የተለየ ተውላጠ ስም የለውም። ቅዱሳት መጻሕፍት የተጻፉባቸው ዕብራይስጥና ግሪክም እንደዚያው ናቸው። አማርኛ ግን «እርስዎ»ም «አንቱ»ም በእጁ እያለ «ስምከ»ን «ስምህ» አለው።

ይህ የትርጉም ልማድ ብቻ እንዳይመስልዎ። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ አንድ ወጣት አዛውንትን ሲያመሰግን «እግዚአብሔር ይስጥዎ» ይላል። ቃሉን ከፍተው ይዩት። «ይስጥ» የሚለው ስለ እግዚአብሔር ነው፤ «እርሱ» ብሎ ነው የሚናገረው። «ዎ» ደግሞ ለአዛውንቱ ነው፤ «እርስዎ» ብሎ አክብሯቸዋል። በአንዲት ቃል ውስጥ ሰው «እርስዎ» ሲባል ፈጣሪ «እርሱ» ተብሏል፤ ማንም ግን ቅር አይሰኝም። ሙስሊም ጎረቤቱም «አላህ ይስጥዎ» ሲል የሚከተለው ይህንኑ ሰዋስው ነው። «አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተወለዱ» እንላለን፤ «እግዚአብሔር ፈጠሩ» ያለ ሰው ግን ሰምተን አናውቅም።

አንዳንድ መምህራን ምክንያቱን ሲያስረዱ፣ የአክብሮቱ ግሥ ከብዙ ቁጥሩ ጋር አንድ ስለሆነ «ፈጠሩ» ማለት የአምላክን አንድነት ያደበዝዛል ይላሉ። መልካም ሐሳብ ነው፤ ለእኔ ግን አይበቃም። «ቄሱ መጡ» ሲባል ብዙ ቄሶች መጡ ብሎ የሚያስብ የለምና። ነገሩን የሚፈታው ራሱ «አንተ» የተሸከመው ትርጉም ይመስለኛል። ለማያውቁት ሰው ሲነገር ይንቃል፤ ለቅርብ ሰው ሲነገር ግን ያቀርባል። ሁለት ሰዎች «አንተ ተባባሉ» ስንል እንደ ሁኔታው ተጣሉ ማለታችንም፣ ተቀራረቡ ማለታችንም ሊሆን ይችላል። የጸሎቱ «አንተ» የቅርበቱ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በምዕራፍ 8 ቁጥር 15 እንደጻፈው፣ የተቀበልነው ለፍርሃት የሚሆን የባርነት መንፈስ ሳይሆን «አባ አባት» ብለን የምንጮኽበት የልጅነት መንፈስ ነው። ጌታችንም በጌቴሴማኒ በዚያ ጭንቅ ሰዓት «አባ አባት ሆይ፣ ሁሉ ይቻልሃል» ብሎ ነው የጸለየው። «ይቻልዎታል» አላለም።

እርስዎ ያሰቡትን ለውጥ እስከ መጨረሻው ወስደው ጮክ ብለው ያንብቡት፦ «መንግሥትዎ ትምጣ፣ የዕለት እንጀራችንን ይስጡን፣ በደላችንን ይቅር ይበሉን»። ለመሥሪያ ቤት እንደሚጻፍ ማመልከቻ ሆነ። «ስጠን»፣ «ይቅር በለን»፣ «አድነን» ግን በአባቱ የሚተማመን ልጅ የሚናገራቸው ቃላት ናቸው። አክብሮቱም አልጠፋም። «ሆይ» አለ፤ ከእንጀራው በፊት ስሙ ይቀደሳል፤ ልመናው ከመድረሱ በፊት ፈቃዱ ይሁን ይባላል። «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ራሱ «እግዚእ» ማለትም ጌታን በውስጡ ይዟል። በስሙ ጌታ ነው፤ በጸሎቱ አባት ነው። አማኝ ሁለቱንም በአንድ አፍ ይናገራል።

ይህን ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 ይልቅ የሚያሳይ ቦታ አላውቅም። የጠፋው ልጅ በሩቅ አገር ሳለ የሚናገረውን አዘጋጅቶ ነበር፤ «ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ» ሊል ነበር። ቅጥረኛ ሆኖ ቢገባ፣ በእኛ አገር ወግ ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቱን «ጌታዬ፣ እርስዎ» ማለት ነበረበት። አባቱ ግን ገና ከሩቅ አየውና ሮጠ። በወሎ የተከበረ ሽማግሌ ለልጅ ብሎ በሰው ፊት አይሮጥም፤ ይህኛው ሮጦ አንገቱን አቅፎ ሳመው። ልጁም «ልጅህ ልባል አይገባኝም» እስከሚለው ድረስ ተናገረ፤ የቅጥረኛነቱን ልመና ግን አልደረሰበትም። አባቱ ቀድሞ ልብሱን፣ ቀለበቱንና ጫማውን አዘዘለት።

አባቱን በቁጣውና በዝምታው ብቻ የሚያውቅ ሰው «አባታችን ሆይ» ሲል ልቡ ሊከብደው እንደሚችል አውቃለሁ፤ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው። እግዚአብሔርን በአባቱ መለካት የለበትም። ለመለኪያ ይህ የሮጠው አባት ተሰጥቶታል።

የቤትዎን ልማድ በተመለከተ፣ ልጆችዎ «እርስዎ» ማለታቸውን አይተዉ። የወሎ ቤት «እርስዎ» ፍቅር የሌለበት ቃል አይደለም፤ «ይምጡ አባዬ» የሚል ልጅ አባቱን ከልቡ ይወደዋል። ለትንሿ ልጅዎ ግን «አይቆጣም» ብለው ይመልሱላት። ከዚያም የሉቃስን ምዕራፍ አብራችሁ አንብቡና፣ ልጁ አባቱን በየትኛው ቃል እንደጠራው እርሷው ፈልጋ ታሳይዎት።