ስምንተኛው ሺህ፣ 13.8 ቢሊዮን ዓመት እና የሰማይ ማርጀት

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሲመለስ «ዓለም ከተፈጠረ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ሆኖታል፤ ፀሐይም ከዋክብትም አርጅተው ያልቃሉ» ይለኛል። እኛ ግን ዘንድሮ 7518 ዓመተ ዓለም ነው ስንባል ሰምተናል። ጎረቤቶቼ ደግሞ ስምንተኛው ሺህ ስለሆነ ቀኑ ታውቋል እያሉ ቤታቸውን ሊሸጡ ተነሥተዋል። የቱን ልመን? ምንስ ላድርግ?

መልስ፦ እናታችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። ጊዜ የማይሰጠው የቤቱ ነገር ነውና ከእሱ ልጀምር። እርስዎ አይሽጡ፤ ጎረቤቶችዎንም እባክዎ ያስጥሏቸው። ጌታችን ስለዚያች ቀንና ሰዓት «የሚያውቅ የለም» ብሎ ዘግቶታል (ማቴ. 24፥36)። በተሰሎንቄም የጌታ ቀን ደርሷል ብለው ሥራ የፈቱ ነበሩ፤ ቅዱስ ጳውሎስ «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» ሲል ነው የመለሰላቸው። ስምንተኛው ሺህ የሚሉትም ቢሆን ትናንት የገባ አይደለም። ስምንተኛው ሺህ የሚጀምረው በ7001 ዓመተ ዓለም ነው፤ እስከ ጌታ ልደት የሚቆጠረው 5500 ሲቀነስለት በ1501 ዓ.ም. ላይ ይውላል፤ ይህም ጎንደር ገና ሳትቆረቆር ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ «ደረሰ» ሲባል ኖሮ አለፈ።

አሁን ወደ 7518 እንምጣ። 5500ው አባቶቻችን ለአዳም የተሰጠውን «አምስት ቀን ተኩል» ተስፋ በሺህ ዓመት ቆጥረው እስከ ጌታ ልደት ያደረሱት ነው። የሰው ልጅ መዳኑን የጠበቀበት ዘመን ቁጥር ነው ማለት ነው። በላዩ ዓመተ ምሕረትን ስንጨምር፣ 5500 እና 2018፣ 7518 ይሆናል። በዚህ ቁጥር ምን እንደምንሠራበት ካየን ግራ መጋባቱ ይቀላል፤ በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የዘመን ስሌት፣ የጾምና የበዓል ቀን እናወጣበታለን። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይተርፋል፤ ዘመኑ ማርቆስ ነው። 7518 እና 1879 ተደምሮ ለ7 ሲካፈል 3 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። 7518 ራሱ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ አንድ ሲነሣለት 12 ይሆናል፤ ይህ ወንበር ይባላል። 12 በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ የሚባለው ቁጥር 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ ጾሞቹን የምናወጣበት መጥቅዕ 18 ይወጣል። መጥቅዕ ከ14 ስለበለጠ በመስከረም ይውላል፤ መስከረም 18 እሑድ ነው። የእሑድ ተውሳክ (ተጨማሪ ቁጥር) 7 ሲጨመር 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ገባ። በ25 ላይ የደብረ ዘይት ተውሳክ 11 ሲደመር 36፣ 30 ሲገደፍ 6፤ ደብረ ዘይት መጋቢት 6 ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት በምክንያት ነው። ደብረ ዘይት የዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ ስለ ዳግም ምጽአት የሚሰበክበት እሑድ ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያወጣልን ምጽአትን የምናስብበትን ቀን እንጂ ምጽአት የሚሆንበትን ቀን አይደለም። ያንኑ ቁጥር ይዞ የዓለምን ፍጻሜ የሚያሰላ ሰው ለሌላ ሥራ የተሰጠውን መሣሪያ ነው ያነሣው፤ ስህተቱም ከዚያ ይመጣል። ከዋክብትን ለመለካትም እንደዚሁ አልተሰጠም።

የልጅዎ ቁጥር የሚነሣው ከሌላ ቦታ ነው። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ጋላክሲዎች እርስ በርስ እየተራራቁ መሆናቸውን ለኩ። ይህን በ1927 እ.ኤ.አ. በስሌት ካሳዩት አንዱ ጆርጅ ለሜትር የተባለ የቤልጅየም ካቶሊካዊ ቄስ ነበር። በ1965 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከመጀመሪያው ትኩሳት የቀረ፣ ዛሬ ከዜሮ በታች 270 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የቀዘቀዘ ጨረር በሰማይ ሁሉ እንዳለ ታወቀ። መራራቁና ይህ ጨረር አንድ ላይ ሲሰሉ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ይሰጣሉ። ልጅዎ ይህን በመናገሩ ሃይማኖቱን አልካደም፤ በዚህ አይቆጡት። ዓለም መጀመሪያ እንዳላት መለካቱ «እምኀበ አልቦ ኀበ ቦ» (ካለመኖር ወደ መኖር) ለምንል ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

የማርጀቱን ነገር ቤተ መቅደስ ውስጥ በማዕጠንት ያዩታል። ካህኑ ማጠን ሲጀምር ፍሙ ቀይ ነው፤ ጸሎቱ ሲገፋ አመድ ይለብሳል። ሙቀቱ አልጠፋም፤ ወደ አየሩና ወደ ግድግዳው ተበትኗል። ነገር ግን ያ የተበተነ ሙቀት ተመልሶ አንዲት ፍሬ ዕጣን አያጨስም። ሊቃውንቱ ስለ ዩኒቨርስ ፍጻሜ የሚሉት በአጭሩ ይኸው ነው፤ ኃይሉ ሳይጠፋ እየተበተነ ለሥራ የማይሆን ይሆናል።

ፀሐይ በየሰከንዱ ከራሷ 4 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወደ ብርሃን ትለውጣለች። ዕድሜዋ 4.6 ቢሊዮን ዓመት ነው፤ ወደ 5 ቢሊዮን ገደማ ይቀራታል። በምድር ላይ ያለው ሕይወት ግን እስከዚያ አይቆይም፤ ፀሐይ ቀስ በቀስ እየደመቀች ስለምትሄድ ከ1 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በኋላ ባሕሮች ይደርቃሉ ተብሎ ይሰላል። ደመራ ቶሎ ነዶ ይከስማል፤ በአመድ የተዳፈነ ረመጥ ግን ያድራል። ከዋክብትም እንደዚያው ናቸው፤ ግዙፎቹ በሚሊዮኖች ዓመታት ያልቃሉ፣ ትንንሾቹ ቀይ ከዋክብት ትሪሊዮኖች ዓመታት ይቆያሉ። አዲስ ከዋክብት በብዛት የተወለዱበት ጊዜም ከ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አልፏል። በ1998 እ.ኤ.አ. የዩኒቨርስ መስፋፋት እየፈጠነ መሆኑ ስለታየ፣ ብዙዎቹ ፍጻሜውን ጨለማና ብርድ ነው ይሉታል። ቢሆንም የሚያፋጥነው ጨለማ ኃይል እየደከመ ይሆን የሚል ፍንጭ በቅርብ ዓመታት ልኬቶች ታይቷል፤ ጉዳዩ ገና እየተመረመረ ነው።

እዚህ ላይ አንዳንድ ሰባክያን ሲቸኩሉ አያለሁ። ፀሐይ አብጣ ምድርን ታቃጥላለች ሲባል «ቅዱስ ጴጥሮስ በእሳት ይቀልጣል ያለው ይኸው ነው» ይላሉ። ይህ አይበጅም። ነገ ስሌቱ ሲሻሻል ምእመኑ ቃሉ የተሻረ ይመስለዋል። ደግሞም ሊቃውንቱ የሚሉት የመጨረሻው ነገር ብርድ ነው፤ ሐዋርያው ያለው እሳት ነው። በግድ አናስታርቃቸው። እነሱ የሚናገሩት ፍጥረት በራሱ ሕግ ብቻ ቢተው ወዴት እንደሚሄድ ነው፤ ጴጥሮስ የሚናገረው ፈጣሪው ራሱ የሚያደርገውን ነው።

ማርጀቱን ግን መጽሐፍም አልሸሸገውም። ዳዊት በመዝሙር 101 ሰማያት «ሁሉም እንደ ልብስ ያረጃሉ» ይላል። በሰንዱቅ የቆየ ነጠላ አውጥተው ወደ ብርሃን ቢዘረጉት፣ ጥለቱ ደኅና ሆኖ መሐሉ ሳስቶ ክሩ ሊቆጠር ይደርሳል፤ ማንም ሳይቀደው በመታጠብና በመለበስ ብቻ አልቋል። ዳዊት ሰማይን ያየው እንዲህ ነው። አያይዞም «ትለውጣቸዋለህ፥ ይለወጡማል» አለ። የሚጠበቀው መለወጥ ነው፤ ጽድቅ የሚኖርባት አዲስ ሰማይና አዲስ ምድር (2ጴጥ. 3፥13)። በጸሎተ ሃይማኖት «የሙታንንም መነሣት ተስፋ እናደርጋለን» ስንል፣ የሊቃውንቱ ስሌት ሊደርስበት የማይችለውን ተስፋ ነው የምንናገረው።

«ምንስ ላድርግ?» ላሉት፦ ለምጽአት ተብሎ የሚታወጅ የተለየ ጾም የለም፤ የታወቁት ሰባቱ አጽዋማት ይበቃሉ። የንስሐ አባትዎን ሳያቋርጡ ያግኙ፤ ቁርባንን «ፍጻሜው ሲቃረብ» ብለው አያቆዩት። ማቴዎስ 24ን በደብረ ዘይት ሳምንት ከልጅዎ ጋር ሙሉውን ያንብቡት፤ የጦርነቱን ወሬ ብቻ ለይተው ሳይሆን እስከ ታማኙ ባሪያ ድረስ።

ልጅዎ ስሌት ስለሚወድ የ2019ን ባሕረ ሐሳብ ያሠሩት። ዘመነ ሉቃስ፣ መስከረም 1 ዓርብ፣ አበቅቴ 23፣ መጥቅዕ 7 ሊወጣለት ይገባል። ካልወጣለት ብዙ ጊዜ የሚረሳው ለ19 ተካፍሎ ከተረፈው አንድ መቀነሱ ነው፤ ያ አንዱ ገና ያልተፈጸመው ዓመት ነው። መጥቅዑ ከ14 ስላነሰ በጥቅምት ይውላል፤ ጥቅምት 7 ቅዳሜ ነው፣ ተውሳኩ 8። ነነዌ የካቲት 15፣ ደብረ ዘይትም መጋቢት 26 ይሆንለታል።