የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ አዲስ ዘፈን ከየት ይመጣል?

በዚህ እትም ከድሬዳዋና ከሐረር የደረሱንን አራት ጥያቄዎች ይዘናል። ጠያቂዎቹ የተለያየ ሥራና ዕድሜ ላይ ቢሆኑም ቅሬታቸው ይመሳሰላል፦ ስልካቸው ቀኑን ሙሉ ዘፈን ያቀርብላቸዋል፤ የሚያቀርበው ግን እነሱ የሚፈልጉትን አይደለም።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ከሳቢያን ከዚራ ነው የምመላለሰው። ተሳፋሪ የጠየቀኝን ዘፈን በራሴ ስልክ ከዩቲዩብ እከፍትለታለሁ። ማታ ደግሞ ስልኩን ልጆቼ ይይዙታል። አሁን ዩቲዩብ ስከፍት የሚመጡልኝ የልጆች መዝሙሮችና መቶ ጊዜ የሰማኋቸው ዘፈኖች ብቻ ናቸው። በእኔ ምርጫ አዲስ ዘፈን እንዲያመጣልኝ ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ስልክህ አልተበላሸም። ዩቲዩብ የሚያውቀው አካውንቱን እንጂ ስልኩን የያዘውን ሰው አይደለም። አንተ፣ ልጆችህና ያ ሁሉ ተሳፋሪ በእሱ ዘንድ አንድ ሰው ናችሁ። ዘፈን የሚመርጥልህ በዋናነት ሁለት ነገር አይቶ ነው፦ ምን ከፍተህ እስከ የት እንደሰማህ፣ ከዚያም ያንኑ የሰሙ ሌሎች ሰዎች ቀጥለው ምን እንደሰሙ። ስለዚህ መጀመሪያ ጆሮዎቹን ለያይ።

ሌላ የጂሜይል አድራሻ ክፈትና ለሥራና ለልጆች ይሁን፤ የድሮውን ለራስህ አስቀር። መቀያየር ቀላል ነው፤ ፎቶህ ያለበትን ነካ አድርገህ «ስዊች አካውንት» ማለት ብቻ ነው። ይህ ከከበደህ እዚያው አጠገብ «ተርን ኦን ኢንኮግኒቶ» የሚል አለ። እሱን ከፍተህ የምታጫውተው በታሪክህ ውስጥ አይመዘገብም። መርሳት የሚመጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ግን እኛ ሁለተኛውን አካውንት እንመርጣለን፤ አንድ ጊዜ ከከፈትከው የሥራ ሰዓት ሙሉ እሱ ላይ ትውላለህ።

ቀጥሎ ጽዳት። «ሂስትሪ» ውስጥ ግባ። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ተናዶ ሁሉንም ያጠፋል፤ አታድርገው። ሁሉም ከጠፋ ዩቲዩብ ስለ አንተ ምርጫ የሚያውቀው በጣም ስለሚያንስ የምትወደውን ለይቶ ማምጣት ያቅተዋል። የልጆቹን ብቻ እየለየህ፣ ጎኑ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተህ አውጣቸው። በጣም የተደበላለቁ ቀናት ካሉ «ማኔጅ ኦል ሂስትሪ» ውስጥ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ብለህ መሰረዝ ትችላለህ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የልጆች ቻናል በመጣ ቁጥር ደግሞ «ኖት ኢንተረስትድ» ብለህ አትለፈው። እሱ የሚያስቀረው ያንን አንድ ቪዲዮ ብቻ ነው። ቻናሉን የሚያስቀረው «ዶንት ሬኮመንድ ቻናል» የሚለው ነው።

ከጽዳቱ በኋላ ማስለመድ ይመጣል። ከልብህ የምትወዳቸውን 15 ያህል ዘፈኖች ስማቸውን ጽፈህ ፈልግ፣ እስከ መጨረሻው ስማ፣ ላይክ አድርግ፣ «ሴቭ» ብለህ አንድ ፕሌይሊስት ውስጥ አስቀምጥ። ያልጣመህን ቶሎ እለፈው፤ ሳትወድ እስከ መጨረሻ ማስጮህ እንደ መውደድ ነው የሚቆጠርብህ። ምሳ ልትበላ ስትወርድ ቀጣዩን ዘፈን በራሱ የሚከፍተውን «አውቶፕለይ» ክፍት ትተህ አትሂድ። አንተ በሌለህበት የተጫወተው ሁሉ በስምህ ይመዘገባል። ለውጡ በአንድ ቀን አይመጣም፤ ለሁለት ሳምንት ያህል በዚህ ቀጥል።

አዲስ ነገር ፍለጋ ስትገባ ከአንድ ዘፈን ተነስቶ ሌሎችን የሚያስከትለውን «ሚክስ» ተጠቀም፤ መነሻ ዘፈንህን ግን አስብበት። ሁሉም ሰው ከሚያውቀው ዘፈን ብትነሳ ስምንተኛው ላይ ሳትደርስ የታወቁት ዘፈኖች ይመለሱብሃል። ምክንያቱም በጣም የተሰማ ዘፈን ከሁሉም ዓይነት አድማጭ ጋር ስለተነካካ ለሁሉም ጎረቤት ነው። ከምትወደው አልበም ውስጥ ብዙም ያልተሰማውን፣ ለምሳሌ መጨረሻ አካባቢ ያለውን ዘፈን መነሻ አድርገው። ያንን ፈልገው የሚሰሙት የዚያ ስልት ወዳጆች ስለሆኑ ተከትሎ የሚመጣውም የእነሱ ምርጫ ነው። ይህን ሁሉ ግን ባጃጁን ካቆምክ በኋላ።

ጥያቄ፦ ሐረር ጀጎል ውስጥ የምኖር ተማሪ ነኝ። በስፖቲፋይ አማርኛ እሰማለሁ። የኦሮምኛ፣ የሶማሊኛና የሐረሪ ዘፈን ስፈልግ ግን ሁለት ሦስት ታዋቂ ስሞች መጥተው ያበቃል። እዚህ ሠርግ ቤት የምሰማው ሁሉ እዚያ ውስጥ የለም ማለት ነው?

መልስ፦ እህታችን፣ የተወሰነው በእውነት የለም። ብዙው ግን አለ፤ የሚደበቅብሽ በአጻጻፉ ምክንያት ነው።

በላቲን ስትጽፊ ኦሮምኛና ሶማሊኛ ፊደሉን ለየራሳቸው ድምፅ እንደሚጠቀሙበት ልብ በይ። በቁቤ፣ ማለትም በኦሮምኛው የላቲን አጻጻፍ፣ «ኤክስ» የ«ጠ» ድምፅ ነው፣ «ሲ» የ«ጨ»፣ «ኪው» የ«ቀ»። በሶማሊኛ ግን «ኤክስ» «ሐ» ነው፣ «ሲ» ደግሞ «ዐ»። ስለዚህ ጫላ የሚባል የኦሮምኛ ድምፃዊም ዓሊ የሚባል የሶማሊኛ ድምፃዊም ሁለቱም በ«ሲ» ሊጀምሩ ይችላሉ። ሐሰንን በ«ኤች» ፈልገሽ ካጣሽው በ«ኤክስ» ሞክሪ። ረዥም አናባቢ በሁለቱም ቋንቋ ይደገማል። በአንድ «ኤ» ጽፈሽ ያላገኘሽው በሁለት «ኤ» ተጽፎ ይሆናል። በግዕዝ ፊደል ለተጻፈውም ችግሩ አለ፦ «ሐረሪ»፣ «ሀረሪ»፣ «ሃረሪ» ለእኛ አንድ ናቸው፤ ለመፈለጊያው ግን ሦስት ቃል ሊሆኑ ይችላሉ። «ሰ»ና «ሠ»፣ «ጸ»ና «ፀ»ም እንዲሁ።

የድሮ ድምፃውያን ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ያዘጋጀው «ኢትዮፒክስ» የተባለው ተከታታይ ስብስብ ስሞችን የጻፈው በፈረንሳይኛ ልማድ ነው። ጥላሁን ገሠሠ እዚያ ሲጻፍ ከ«ቲ» ቀጥሎ «አይ» የለውም፤ «ሁ»ም የተጻፈችው በ«ኦ» እና «ዩ» ነው። አፑ ይህንን ስም ከተለመደው አጻጻፍ ጋር ካላገናኘው አንድ ሰው ሁለት ገጽ ይኖረዋል፤ አንዱን ፎሎ ብታደርጊ የሌላው ሥራ አይመጣልሽም። ሁለቱንም ፎሎ አድርጊ። ለእናንተ አካባቢ ደግሞ የዚህ ስብስብ 28ኛው ቅጽ ልዩ ነው፤ ሙሉው የዓሊ ቢራ ነው። ዓሊ በ1950ዎቹ (በእኛ አቆጣጠር) ድሬዳዋ ውስጥ አፍራን ቀሎ ከተባለው የኦሮምኛ ሙዚቃ ቡድን የወጣ፣ ከኦሮምኛ ሌላ በአማርኛ፣ በሐረሪና በሶማሊኛም የዘፈነ ነው። ለአንቺ ፍለጋ ከእሱ የተሻለ መነሻ አናውቅም፤ የአራቱ ቋንቋ አድማጮች የሚገናኙት እሱ ጋ ነው።

ከዚያ በኋላ ማሽኑን ትተሽ ሰዎቹን ተከተዪ። አዲስ የኢትዮጵያ ዘፈን ዩቲዩብ ላይ ሲወጣ ከቪዲዮው ሥር ባለው ጽሑፍ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብርና ሚክሲንግ የማን እንደሆነ በአብዛኛው ይጻፋል። ስፖቲፋይ ላይ ሦስቱን ነጥቦች ነክተሽ «ክሬዲትስ» የሚለውን ታያለሽ። የወደድሽውን ዘፈን አቀናባሪ ስም ገልብጠሽ ፈልጊው። ዘሪቱ ከበደንና እዮብ መኮንንን የወደደ ሰው ሁለቱን የሚያገናኘው አቀናባሪ ኤልያስ መልካ ጋ ሲደርስ ሌላ ደርዘን አልበም ይከፈትለታል። ዓለማየሁ እሸቴን የወደደ አቀናባሪውን ግርማ በየነን ቢከተል እንዲሁ ነው። ድምፃዊው ተመሳሳይ ስለመሰለ የሚቀርብልሽ ዘፈንና አቀናባሪው አንድ ስለሆነ ያገኘሽው ዘፈን ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ የሁለተኛው መንገድ የበለጠ ያስደስታል።

አሳታሚውም መንገድ ነው። ኦስቲናቶ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. በ2017 ሐርጌሳ ውስጥ ተጠብቀው ከቆዩ ካሴቶች የድሮ የሶማሊ ዘፈኖችን አሰባስቦ አውጥቷል፤ በ2020 ደግሞ የጅቡቲ ብሔራዊ ሬዲዮን ባንድ አስቀርጾ አልበም አወጣ። ባቡሩ ድሬዳዋንና ጅቡቲን ካገናኘ ከመቶ ዓመት በላይ ነውና እዚያ ውስጥ የምትሰሚው ምት ለጆሮሽ ባዳ አይሆንም። የአሳታሚውን ስም ፈልጊና ሌሎቹን ሥራዎች አንድ በአንድ እዪ።

የሐረሪ ዘፈንን ነገር ግን በግልጽ እንንገርሽ። ከላይ ለባጃጅ ነጂው ያልነውን አስታውሺ፤ ምክሩ የሚመጣው የአንዱ አድማጭ ምርጫ ከሌላው ሲገጥም ነው። ጥቂት ሰው የሚሰማውን ዘፈን ማሽኑ ከማን ጋር ያገጣጥመው? ስለዚህ ጠብቀሽ አይመጣም፤ ራስሽ መሥራት አለብሽ። ዩቲዩብ ላይ የሐረሪ ሠርግና የመድረክ ዘፈን የሚጭኑ ቻናሎችን ሰብስክራይብ አድርጊ፣ ደወሉንም ክፈቺ። ከ25 እስከ 30 ዘፈን ያለው ፕሌይሊስት ሥሪ፤ «ፐብሊክ» ይሁን፤ ስሙ ላይ «ሐረሪ»ን በግዕዝም በላቲንም ጻፊው። ለክፍል ጓደኞችሽና ለዘመዶችሽ ላኪላቸው፣ ከዚያ ውስጥ ይስሙ። ሃያ ሰው እነዚያኑ ዘፈኖች አንድ ላይ ሲሰማቸው ነው ማሽኑ አንዱን ከሌላው ጋር ማያያዝ የሚጀምረው።

አንድ ነገር ስለ ስፖቲፋይ፦ ሰኞ ሰኞ 30 ዘፈን ይዞ የሚመጣው «ዲስከቨር ዊክሊ» በሚቀጥለው ሰኞ በሌላ ይተካል። የወደድሽውን ወዲያው ወደ ራስሽ ፕሌይሊስት ካላወጣሽው ይጠፋብሻል። አርብ የሚመጣው «ሪሊዝ ራዳር» ደግሞ በዋናነት ፎሎ ያደረግሻቸውንና የምትሰሚያቸውን ድምፃውያን አዲስ ሥራ ይዞ ስለሚመጣ፣ ፎሎ ያላደረግሽውን ሰው ከእሱ አትጠብቂ።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ ገፍቷል፤ ልጄ ስልክ ገዝታልኝ ዘፈን መስማት ጀምሬያለሁ። ፓኬጁ ግን ሳምንት ሳይሞላው ያልቃል። አዲስ ዘፈን መፈለጉ ነው የሚበላው? (ድሬዳዋ፣ ለገሀር)

መልስ፦ አባታችን፣ ፍለጋው አይደለም፤ ምስሉ ነው። ድምፅ ብቻ ከሆነ ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ ስፖቲፋይ ላይ «ኖርማል» የሚባለው የድምፅ ጥራት 96 ኪሎቢት በሰከንድ ሲሆን አንድ ሰዓት ቢሰሙበት 43 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። አንድ ጊጋባይት 23 ሰዓት ያሰማዎታል ማለት ነው። «ሃይ» 160 ነው፤ 14 ሰዓት ገደማ ያሰማል። «ቬሪ ሃይ» 320 ላይ ከሆነ 7 ሰዓት አይሞላም። በስልክ ድምፅ ማጉያ ለሚሰማ ሰው 96 በቂ ነው፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ሲኖር ነው።

ዩቲዩብ ከሆነ የሚጠቀሙት ልጅዎ «ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታ የቪዲዮ ጥራት በሚለው ሥር፣ የሞባይል ኔትወርክ ላይ «ዳታ ሴቨር» ታድርግልዎ። «አውቶ» ላይ ከተተወ ኔትወርኩ ጥሩ በሆነ ቁጥር ራሱ ምስሉን ያጠራል፤ ዘፈን እየሰሙ ለማያዩት ምስል ይከፍላሉ። ዋይፋይ ያለበት ቤት ሲሄዱ አዲሱን እዚያ ፈልገው ይምረጡ፣ ቤትዎ የመረጡትን ብቻ ይስሙ።

ጥያቄ፦ ሐረር ሠርግ ላይ የሰማሁትን ዘፈን፣ ዘፈን አዳምጦ ስሙን በሚነግረው በሻዛም አፕ ሞከርኩ፤ አላወቀውም። ዜማው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ሌላ ምን መንገድ አለ?

መልስ፦ ሻዛም የሚያውቀው የተቀዳውን ድምፅ ራሱን ነው፤ ዜማውን አይደለም። ባንዱ በመድረክ ላይ ያንኑ ዘፈን በሌላ ፍጥነት ሲጫወተው ለሻዛም ሌላ ነገር ነው። ከቅጂ የተከፈተ ከነበረ ደግሞ እልልታውና ጭብጨባው ሸፍኖታል ወይም ዘፈኑ መዝገቡ ውስጥ የለም። የጉግል አፕ ላይ ማይክሮፎኑን ነክተህ ዘፈን ፈልግ የሚለውን ምረጥና ዜማውን ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አንጎራጉርለት፤ እሱ የሚያነጻጽረው ዜማውን ነው። የታወቀ ዘፈን ከሆነ ያገኘዋል።

ካልሆነ ከአዝማቹ አንድ ሙሉ ስንኝ በትክክል አስታውሰህ በጥቅስ ምልክት መካከል ጻፍና ፈልግ፤ «ግጥም» የሚል ቃል ጨምርበት። ዩቲዩብ ላይ ሙሉ ካሴት የተጫነበትን ቪዲዮ ካገኘህ ወደ አስተያየቶቹ ውረድ፤ አድማጮች ብዙ ጊዜ የየዘፈኑን ርዕስና የሚጀምርበትን ደቂቃ ይጽፋሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሠርጉን ላጫወተው ዲጄ ወይም ለባንዱ ኪቦርዲስት በቴሌግራም አንጎራጉረህ በድምፅ ላክለት። የዚያን ምሽት ዘፈኖች ዝርዝር የያዘው እሱ ነው፤ ርዕሱን ሲነግርህ የዘፋኙንም ስም እንዴት እንደሚጻፍ ጠይቀው።