በተከራዩት ቤት በር ላይ ተነቃይ የጎርፍ መከላከያ መግጠም

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ አቅራቢያ በተከራየሁት ቤት ከቤተሰቤ ጋር እኖራለሁ። ጎርፍ ሲያሰጋ በበሩ ላይ የሚገጠም፣ ሲያልፍ የሚነሣ የአሉሚኒየም ሳንቃ ለማድረግ አስቤ ነበር። አከራዬ ግን «መቃኑ አይበሳም» አሉኝ፤ ከእኔ ዝቅ ብለው የሚኖሩት ጎረቤቴ ደግሞ «ውኃውን ወደ እኔ ልትመልሰው ነው» ብለው ተቃወሙ። መብቴ እስከ ምን ድረስ ነው? ቤቱን ስለቅስ ሳንቃውን መውሰድ እችላለሁ?

መልስ፦ ክቡር ጠያቂያችን፣ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎችን በቀጠፈበት ከተማ ይህን ጥያቄ ማንሣትዎ ተገቢ ነው። ቤተሰብዎንና ንብረትዎን ከውኃ መከላከል መብትዎ ነው፤ ሕጉ የሚመለከተው መከላከያው በማን ግድግዳ ላይ እንደሚታሰርና በሌላ ሰው ላይ ምን እንደሚያስከትል ነው።

ከአከራይዎ ጉዳይ ልጀምር። ተከራይ በቤቱ የመገልገል መብት ቢኖረውም ያለ አከራዩ ፈቃድ በቤቱ ላይ ለውጥ ማድረግ አይችልም፤ ቤቱንም እንደተረከበው አድርጎ የመመለስ ግዴታ አለበት። ሳንቃው የሚገባበትን የብረት ሐዲድ በብሎን ለማሰር መቃኑን ወይም ግድግዳውን መብሳት ለውጥ ስለሆነ በዚህ ነጥብ አከራይዎ ተሳስተዋል ለማለት አልችልም። ለእምቢታቸውም ቁም ነገር ያለው ምክንያት ሊኖራቸው ይችላል፤ 60 ሳንቲሜትር ከፍታ ያለው የቆመ ውኃ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሳንቃ ላይ ወደ 180 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ክብደት ያህል ይገፋል፤ ይህ ሁሉ ኃይል የሚያርፈው መቃኑንና ግድግዳውን በያዙት ብሎኖች ላይ ነው። ግድግዳው የጭቃ ወይም ያረጀ የድንጋይ ከሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል፤ ያለ ፈቃድ ከበሱትም ለጥገናው የሚጠየቁት እርስዎ ይሆናሉ። ስለዚህ ሁለት መንገዶች አሉዎት። አንደኛው ምንም ሳይበሳ በመቃኑ መሐል በብሎን እየተወጠረ የሚያዝ ዓይነት መምረጥ ሲሆን፣ ቤቱን እስካልጎዳ ድረስ እንደ ማንኛውም የራስዎ ዕቃ ስለሚቆጠር በለውጥነት ለመከልከል አስቸጋሪ ነው። ሁለተኛው የአከራይዎን ፈቃድ በጽሑፍ ማግኘት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ስለሚጠይቅ፣ ፈቃዱም የውሉ ተጨማሪ ሆኖ ተጽፎ ቢያያዝ ከቃል ስምምነት ይልቅ ይጠቅምዎታል። በጽሑፉ ውስጥ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ ቀዳዳዎቹን ማን እንደሚደፍንና ሲለቁ ምን እንደሚወሰድ በግልጽ ይስፈር።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለሁለተኛው ጥያቄዎም መልስ ይሰጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1132 መሠረት ከአንድ ነገር ጋር በቁሱ የተያያዘና ካላጠፉት ወይም ካላበላሹት በቀር ሊለይ የማይችል ነገር የዚያ ነገር አካል ይሆናል። እንግዲህ የሚነሣው ሳንቃ የእርስዎ ተንቀሳቃሽ ንብረት ነው፤ ይዘውት ይሄዳሉ። ሐዲዱ በብሎን ብቻ ታስሮ ያለ ጉዳት የሚፈታ ከሆነም እንዲሁ ነው፤ በሲሚንቶ ከቀበሩት ግን አከራይዎ «የቤቴ አካል ነው» ቢሉ ክርክራቸው ሚዛን ይኖረዋል።

የጎረቤትዎ ሥጋት ሊናቅ አይገባም፤ ነገር ግን በሕግ ፊት የሚበረታው የሚሠሩት ሥራ ከበርዎ ሲያልፍ ነው። የዚሁ ሕግ አንቀጽ 1225 የንብረት ባለቤት ጎረቤቱን እንዳይጎዳ ያዛል፤ አንቀጽ 2028 ደግሞ በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ካሣ እንዲከፍል ያስገድዳል። በእርስዎ ደፍ ላይ የቆመች ሳንቃ የምታደርገው ውኃው ወደ ክፍልዎ እንዳይገባ መከልከል ነው፤ መንደሩን ሁሉ ከሸፈነ ጎርፍ ውስጥ በዚህች ምክንያት ብቻ የጎረቤት ቤት መጎዳቱን ማስረዳት ለከሳሽ ከባድ ነው። በመተላለፊያው ላይ የአፈር ከረጢት መደርደር፣ የፍሳሽ ቦዩን መድፈን ወይም በግቢው ቅጥር ላይ ውኃውን ወደ አንድ አቅጣጫ የሚመልስ ክምር መሥራት ግን ፈጽሞ የተለየ ነው፤ ይህን በብርቱ እንዲተዉ እመክራለሁ። ጉዳት ደረሰብኝ የሚል ሰው ከውል ውጭ የካሣ ክሱን በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ ስላለበት፣ ሳንቃው ከመገጠሙ በፊትና ከተገጠመ በኋላ የበሩን፣ የመተላለፊያውንና የቦዩን ፎቶግራፍ ከነቀኑ ያስቀምጡ።

ግቢዎ ብዙ አባወራዎች የሚጋሩት ከሆነ፣ ሁሉም ሳይስማሙ በጋራው በር ላይ ምንም አይግጠሙ። ሳንቃው ከውስጥ በኩል ያለ ቁልፍና ያለ መሣሪያ በአንድ ሰው እጅ የሚነሣ መሆን አለበት፤ በሌሊት ጎርፍ ቢገባ ሕፃናትና አረጋውያን መውጣት ካቃታቸው መከላከያውን የገጠመው ሰው በኃላፊነት መጠየቁ አይቀርም።

አከራይዎ ፈቃድ ከከለከሉ ጥያቄዎን ሥጋትዎንና የመከላከያውን ዓይነት ገልጸው በደብዳቤ ያቅርቡ፤ ቅጂውንም ከተቀባይ ፊርማ ጋር ያስቀሩ። ቤቱ የቀበሌ ከሆነ ደብዳቤው ለሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ዝናቡ ከመጀመሩ በፊት ይጨርሱ፤ ከሽማግሌ ጋር ሆነው አከራይዎንና ጎረቤትዎን በአንድ ላይ ቢያነጋግሩ፣ ሳንቃው እንዴት እንደሚገጠምና እንደሚነሣ በዓይናቸው ቢያዩ፣ ክርክሩ ፍርድ ቤት ሳይደርስ ሊያልቅ ይችላል ብዬ አምናለሁ።