የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ሄሊኮፕተሩ ደብረ ብርሃን ላይ ለምን አይነሳም?

ጥያቄ፦ ለቤት ሲሙሌተሬ (በኮምፒውተር በረራ መለማመጃዬ) የቤል 206 ጄትሬንጀር ሄሊኮፕተር አድ-ኦን (ተጨማሪ ፋይል) ጭኛለሁ። ሸዋ ሮቢት ላይ ያለ ችግር ይነሳል። ደብረ ብርሃን ላይ ግን አምስት ሰው አሳፍሬ፣ ነዳጁን ሞልቼ ስሞክር አንድ ሜትር ያህል ከፍ ይልና ማስጠንቀቂያው ጮኾ ተመልሶ ይቀመጣል። ፋይሉ ተበላሽቶ ይሆን? (ከጠባሴ፣ ደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ፋይሉ ደህና ነው። እንዲያውም ያን ሁሉ ጭኖ ቀጥ ብሎ ቢወጣልዎት ነበር አሠራሩን የምንጠራጠረው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,840 ሜትር፣ በአብራሪዎች መለኪያ 9,300 ጫማ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ በአብራሪዎች ስሌት መደበኛ የሚባለው ሙቀት ከዜሮ በታች 4 ዲግሪ ያህል ነው። ከሰዓት በኋላ 20 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 24 ነው፤ ለእያንዳንዱ ዲግሪ 120 ጫማ ሲደምሩ ሮተሩ (ከላይ የሚሽከረከረው ክንፍ) 12,000 ጫማ ላይ እንዳለ ያህል በሳሳ አየር ይሠራል ማለት ነው። ሸዋ ሮቢት በ30 ዲግሪ ሙቀት እንኳ ይኸው ስሌት 7,000 ጫማ አካባቢ ነው የሚቆመው። ብዙ ጀማሪ የቆላውን ሙቀት ይፈራል፤ በእኛ አገር የሚፈትነው ደጋው ነው።

ክብደቱንም ይደምሩት። ባዶው ሄሊኮፕተር እንደተገጠመለት ዕቃ 770 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 344 ሊትር ነዳጅ 275 ኪሎ፣ አምስት ሰው በነፍስ ወከፍ 80 ቢመዝን 400 ኪሎ። ጠቅላላው 1,445 ነው፤ የተፈቀደው ጣሪያ 1,451። በወረቀት ያልፋል፣ ደብረ ብርሃን ላይ ግን አያስነሳም። ያቺን አንድ ሜትር ያገኙትም ሮተሩ የሚገፋው አየር መሬት ሲነካ ድጋፍ ስለሚሰጥ ነው፤ ከፍ ሲሉ ድጋፉ ይቀራል።

ሲነሱ ዓይንዎን ቶርክ (ሞተሩ ሮተሩን የሚያዞርበት ጉልበት) ላይ ብቻ አይትከሉ። ቆላ ላይ መጀመሪያ ወሰኑን የሚነካው ቶርክ ነው፤ ደጋ ላይ ቶርኩ ገና ቦታ እያለው የተርባይኑ ሙቀት 738 ዲግሪ ይደርሳል። ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ሳለ ኮሌክቲቭ (ከመቀመጫው ጎን ያለውን ማንሻ እጀታ) መጎተት የሮተሩን ዙር ማነቅ ነው። 100 በመቶ የነበረው ዙር ወደ 90 ሲወርድ የሰሙት ማስጠንቀቂያ ይጮሃል፤ የጭራው ሮተርም አብሮ ስለሚዳከም አፍንጫው ወደ ቀኝ ይዞራል። እጅ የሚቸኩለው ወደ ላይ ለመሳብ ነው፤ ዙሩን የሚመልሰው ግን ኮሌክቲቩን ጥቂት ዝቅ ማድረግ ነው።

በሁለት ሰውና በ140 ሊትር ነዳጅ ይሞክሩት። ሞተሩ በሰዓት 100 ሊትር ገደማ ስለሚበላ ለአንድ ሰዓት በረራ በቂ ነው። ሰዓቱን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ያድርጉት (ሲሙሌተሩ በግሪንዊች ሰዓት ከሆነ 04:00 ነው)፣ ሙቀቱን 5 ዲግሪ፤ ያኔ ስሌቱ ወደ 10,300 ጫማ ይወርዳል። አንድ ሜትር ላይ ካንዣበቡ በኋላ ኮሌክቲቩን ሳይነኩ ሳይክሊኩን (በእግርዎ መካከል ያለውን መሪ እጀታ) በጣት ያህል ወደፊት ይግፉና የገብሱን ማሳ እየታከኩ ይሂዱ። 20 ኖት (በሰዓት 37 ኪሎ ሜትር) አካባቢ ትንሽ ይንቀጠቀጥና በራሱ ቀለል ይላል። ለመውጣት አይቸኩሉ፤ ከ50 እስከ 60 ኖት ሲሞላ ይውጡ።

ጥያቄ፦ ሞተሩን ሳስነሳ ሙቀቱ ቀዩን መስመር ያልፍና ይቃጠላል። (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ ነዳጁ ቀድሞ እየገባ ነው። ስታርተሩን ተጭነው የኤን1 (የሞተሩ አየር መጭመቂያ ዙር) መለኪያ 15 በመቶ እስኪደርስ ይጠብቁ (ብርድ ከሆነ፣ ከ7 ዲግሪ በታች፣ 13 ይበቃል)፤ ከቀድሞው ሙከራ የቀረው ሙቀትም ከ150 ዲግሪ በታች ይሁን። ከዚያ ነው ስሮትሉን (የነዳጅ መቆጣጠሪያውን) ወደ አይድል (ዝቅተኛው የሞተር ዙር) የሚከፍቱት። ሙቀቱ ከ810 እስከ 927 መካከል ከ10 ሰከንድ በላይ መቆየት የለበትም። እየገሰገሰ ካዩት ስሮትሉን ይዝጉ፣ ስታርተሩን ግን አይልቀቁ፤ የታፈነውን ሙቀት የሚያወጣው ያ አየር ነው። ስታርተሩ የሚለቀቀው 58 በመቶ ላይ ነው።

ይህን ሁሉ አድርገውም ከተቃጠለ ጆይስቲክዎን ይጠርጥሩ። ያረጀ የስሮትል መንሸራተቻ እስከ ታች ቢወርድም ኮምፒውተሩ ጥቂት ክፍት አድርጎ ያነበዋል፤ ነዳጁ ከመጀመሪያው ይፈስሳል ማለት ነው። በስክሪኑ ላይ ስሮትሉ ሙሉ ለሙሉ መዘጋቱን ይመልከቱ፤ ካልተዘጋ ጆይስቲኩን እንደገና ካሊብሬት ያድርጉ። ደጋግመው ሞክረው ባትሪው ደክሞ ኤን1 12 ላይ ከቆመ ደግሞ የመሬት ኃይል (ከውጭ የሚመጣ ኤሌክትሪክ) ያገናኙ እንጂ ስሮትል አይክፈቱ።

ጥያቄ፦ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስወርድ ይንቀጠቀጥና እንደ ድንጋይ ይወድቃል፤ ኮሌክቲቭ ስጨምር ይብሳል። (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ሮተሩ ራሱ በገፋው አየር ውስጥ እየወረደ ነው። ኃይል ጨምረው፣ ፍጥነትዎ ከ30 ኖት በታች ሆኖ፣ በደቂቃ ከ300 ጫማ በላይ ሲወርዱ ይከሰታል። ኮሌክቲቩን ይቀንሱ፣ ሳይክሊኩን ወደፊት ይግፉ፣ ፍጥነት ሲይዝ ይድናሉ። ችግሩ አፍንጫዎ ወደ ገደሉ ግድግዳ የዞረ ከሆነ ወደፊት የሚሄዱበት ቦታ የለም። ስለዚህ አፍንጫውን ወደ ክፍቱ፣ ወደ ቆላው አዙረው፣ 60 ኖት ይዘው ይውረዱ።

ጥያቄ፦ አድ-ኦኑን ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ላይ ጫንኩት፤ ዝርዝሩ ውስጥ ግን የለም። (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ዚፑ ሲከፈት ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሆኖ ነው። «ኮሚዩኒቲ» በሚባለው ፎልደር ውስጥ የሚገባው፣ ሲከፍቱት «ማኒፌስት» እና «ሌይአውት» የሚሉትን ፋይሎች ወዲያው የሚያሳየው ነው። የላይኛውን ሽፋን ያውጡና ሲሙሌተሩን ዘግተው ይክፈቱ።