ከበሮ ከተፈቀደ ኪቦርድ ለምን አይፈቀድም?

ጥያቄ፦ የኔታ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከአዘዞ ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ጓደኞች አሉኝ። አንዷ «መዝሙር 150 መሣሪያውን ሁሉ ይፈቅዳል። እናንተ ከበሮ እየመታችሁ ጊታርና ኪቦርድ የምትከለክሉት ለምንድን ነው?» ትለኛለች። ሌላው ደግሞ «በሐዲስ ኪዳን መሣሪያ የለም፤ ከበሮውም ይቅር» ይላል። ሁለቱም ጥቅስ ይጠቅሳሉ፤ እኔ መልስ አጣሁ። ቤቴ ውስጥ በኪቦርድ የተሠራ መዝሙር ብሰማስ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ። በመጀመሪያ 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 6ን አንብቢ። ዳዊት ታቦቱን ሊያመጣ ወጣ። በገናው፣ መሰንቆው፣ ከበሮው፣ ጸናጽሉ ሁሉ ነበረ። ታቦቱን ግን በሠረገላ ጫኑት። በሬዎቹ ሲፋንኑ ዖዛ ታቦቱን ሊይዝ እጁን ዘረጋና ተቀሠፈ። ዳዊትም ፈራ፤ ጉዞው እዚያው ቆመ።

ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ሲነሡ ዳዊት ጥፋቱን አውቆት ነበር። እንደ ሥርዓቱ ስላልፈለግነው ነው አለ (1ኛ ዜና 15፥13)። በዚያን ጊዜ ሌዋውያን ታቦቱን በትከሻቸው ተሸከሙ። መሰንቆውና ጸናጽሉም አልቀሩም። አየሽ፣ በመጀመሪያው ቀን የጎደለው መሣሪያ አልነበረም፤ ሥርዓት ነበር። እኛም ለጥምቀት ታቦታቱን ይዘን ወደ ባሕሩ ስንወርድ ከበሮው ይመታል፣ እልልታው ይቀልጣል። ታቦቱ ግን በካህን ራስ ላይ ነው እንጂ መኪና ላይ አይጫንም።

ይህን ይዘሽ ማኅሌት ግቢ። ያለሽው እኮ በአቋቋም (በማኅሌት ዝማሬና ሽብሸባ ትምህርት) አገር በጎንደር ነው። አቋቋም የሚማሩ ሰዎች ከየአገሩ ወደ በዓታ ለማርያም ይመጣሉ። እዚያ አንድ ቃል እንዴት እንደሚዜም ልብ ብለሽ አድምጪ። መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ይባላል፤ ቁም ዜማ ነው። ቀጥሎ በመቋሚያ፣ ማለት በመዘምራኑ ዘንግ እንቅስቃሴ፣ ይዘመማል። ከዚያ ጸናጽሉ ይገባል። ከበሮው የሚመጣው ቃሉ በጆሮ ከገባ በኋላ ነው፤ እየፈጠነ ሄዶም ጽፋት ይሆናል። መሣሪያው ቃሉን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። ለጊታር ክልከላ ዋናው ምክንያቴ ይኸው ነው። ጊታር ርኩስ እንጨት ስለሆነ አይደለም። በቅዱስ ያሬድ ዜማ ውስጥ ቦታም፣ ልክም፣ ትርጉምም አልተሰጠውም። ከበሮው ግን ተሰጥቶታል። ሰፊው አፉ የመለኮቱ፣ ጠባቡ የትስብእቱ (ሰው የመሆኑ) ምሳሌ ነው፤ ጠፍሩ ደግሞ ጌታ የተገረፈውን ግርፋት ያሳስባል። አባቶች ይህን ያስተማሩን ከበሮውን የሚመታ ሰው ምን እንደያዘ እንዲያውቅ ነው።

ደግሞ ሥርዓቱ ዝም ማሰኘትም ያውቃል። በቅዳሴ ከበሮ አይመታም፤ ቃጭል ነው የሚሰማው። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ይቀመጣሉ፤ የጾሙ ዜማ፣ ጾመ ድጓው፣ በመቋሚያ ይዘመማል። የትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመታ ሰው የሚያለቅሰው ለዚህ ነው። ለጓደኛሽ ይህን ንገሪያት፦ መዝሙር 150ን እኛም እንወደዋለን፤ ሆኖም ሁሉ ነገር ሁልጊዜ ይሁን አይልም።

ከበሮው ይቅር ለሚለው ግን በትሕትና መልሺለት፤ የያዘው ሐሳብ ቀላል አይደለም። ዮሐንስ አፈ ወርቅም የብሉይ ኪዳኑ መሣሪያ ለእስራኤል ድካም ሲባል የተፈቀደ እንደነበር አስተምሯል። ግሪኮች እስከ ዛሬ ድረስ በብዛት በድምፅ ብቻ ይዘምራሉ። ግብፃውያን ወንድሞቻችን ደግሞ ጸናጽል መሰል መሣሪያ አላቸው። ጌታም ከሐዋርያት ጋር ዘምሮ ወደ ደብረ ዘይት ሲወጣ መሣሪያ አልተጠቀሰም። ነገር ግን «በሐዲስ ኪዳን የለም» የሚለው ትክክል አይደለም። በዮሐንስ ራእይ 5፥8 ሽማግሌዎቹ በበጉ ፊት በገና ይዘው ተደፍተዋል።

አንድ የሚያንገበግበኝን ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። የራሳችን ከበሮም ሥርዓት ያፈርሳል። አንዳንድ መዘምራን በድምፅ ማጉያ ፊት እንዲህ ይደልቁታል፣ የመዝሙሩ አንድ ቃል አይሰማም። ያን ጊዜ «የእኛ ነው» ማለት አያድነንም። ዜማውን ያላጠና ልጅ ከበሮ ከመያዙ በፊት መጀመሪያ በቃሉ ይዘምር።

ስለ ቤትሽ ልመልስልሽ። በኪቦርድ የተሠራውን መዝሙር ስለሰማሽ ተኰንነሻል አልልሽም። ምክሬ ግን የበገና መዝሙር እንድትሰሚ ነው፣ በተለይ አሁን በጾም። በገና ቀስ ይላል፤ ቃሉን ለማሰብ ጊዜ ይሰጥሻል። ቤት ውስጥ ያለውን ሁሉ ደግሞ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ የሚያውቁሽ እሳቸው ናቸው።