ኢየሩሳሌም እያለች ለምን አንጾኪያ?

እህታችን የጠየቁት ይህን ነው፦ «ሐዋርያት ሁሉ በኢየሩሳሌም እያሉ ጳውሎስና በርናባስ ለምን ከአንጾኪያ ተላኩ? ደግሞስ ጳውሎስን በድንጋይ ያስወገሩት የአንጾኪያ ሰዎች አልነበሩም ወይ?» በሰንበት ትምህርት ቤት የሐዋርያት ሥራን ባስተማርኩባቸው ዓመታት ይህ ጥያቄ ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ አልነበረም። ለሥራ ቱርክ አገር በኖርኩበት ወቅትም ከተማዋን ሄጄ አይቻታለሁ። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስልዎት።

ሁለተኛውን ጥያቄ ላስቀድም፤ እርሱ ሳይጠራ የመጀመሪያው አይገባምና። አንጾኪያ የሚባሉ ከተሞች ብዙ ነበሩ። የሴሌውቆስ ሥርወ መንግሥት ነገሥታት አንጥዮኮስ የሚለውን የቤተሰባቸውን ስም ባቋቋሟቸው ከተሞች ላይ ያኖሩ ነበር። በልስጥራን ከተማ ጳውሎስን ለማስወገር የመጡት በትንሿ እስያ ካለችው ከጲስድያ አንጾኪያ እና ከኢቆንዮን የመጡ አይሁድ ናቸው። የላከችው ግን የሶርያዋ አንጾኪያ ናት። እኔ በሰሌዳው ላይ ሁለት ነጥብ አድርጌ በመካከላቸው የታውሮስን ተራራ እስል ነበር፤ ተማሪዎቼ ከዚያ በኋላ አይደባልቋቸውም።

የሶርያዋን አንጾኪያ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ዓመት ሴሌውቆስ ኒካቶር ቆረቆራት። በ64 ዓመት ቅድመ ልደት ሮማውያን ሶርያን ሲይዙ የግዛቱ ዋና ከተማ ሆነች። በትልቅነቷ ከሮምና ከእስክንድርያ ቀጥላ ትጠራ ነበር። ግሪኩ፣ ሶርያዊው፣ ሮማዊው ወታደር፣ ከጥንት ጀምሮ የሰፈረው አይሁዳዊ፣ ሁሉም በአንድ ገበያ ይገናኛል። ኢየሩሳሌም ሰው ለበዓል የሚወጣባት ቅድስት ከተማ ናት፤ አንጾኪያ ግን የንግድ መንገዶች የሚገናኙባት፣ የባሕር በር ያላት ከተማ ነበረች። ይህ አንዱ ምክንያት ነው፤ ነገር ግን ዋናው አይደለም።

ዋናው የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11 ላይ አለ። እስጢፋኖስ ከተገደለ በኋላ በተነሣው ስደት የተበተኑ ምእመናን እስከ ፊንቄ፣ ቆጵሮስና አንጾኪያ ደረሱ። ለአይሁድ ብቻ ይናገሩ ነበር። ከመካከላቸው ግን የቆጵሮስና የቀሬና ሰዎች አንጾኪያ ሲደርሱ ለግሪኮችም ሰበኩ። እነማን ነበሩ? ስማቸው አልተጻፈም። ቤታቸውን ጥለው የወጡ ስደተኞች ናቸው። ማንም አልላካቸውም፣ ማንም እጅ አልጫነባቸውም። ይህን ክፍል ባነበብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። ጴጥሮስ በቆርኔሌዎስ ቤት ለአንድ አሕዛብ ቤተሰብ ሰብኮ ነበር፤ አይሁድና አሕዛብ አብረው የሚኖሩባት ትልቅ ማኅበር ግን በእነዚህ ስማቸው በማይታወቅ ሰዎች ቃል ተመሠረተች።

ኢየሩሳሌም ወሬውን ሰምታ በርናባስን ላከች። በርናባስ ያየው ነገር ደስ አሰኘው፤ ሥራው ለብቻው እንደሚከብደውም የገባው ይመስለኛል፣ ሳውልን (በኋላ ጳውሎስ የተባለውን) ፍለጋ እስከ ጠርሴስ ሄደ። በዚያን ጊዜ ሳውል በአገሩ ተቀምጦ ነበር፤ እርሱን የሚፈልግ ሰውም ብዙ አልነበረም። ሁለቱ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድነት አስተማሩ። ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉትም እዚያ ነው። «ተባሉ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉት። ስሙን ያወጡላቸው በውጭ የነበሩት የከተማው ሰዎች እንደሆኑ አምናለሁ፤ ክርስቶስ ማለት መሲሕ ስለሆነ ኢየሱስን ያልተቀበሉ አይሁድ የክርስቶስ ሰዎች ብለው ሊጠሯቸው አይችሉምና። አይሁድም ግሪክም ያልሆነ አዲስ ስብስብ ሲያዩ ስም አስፈለጋቸው።

ምዕራፍ 13 ላይ የአምስት መምህራን ስም ይገኛል፦ የቆጵሮሱ በርናባስ፣ ኔጌር ማለትም «ጥቁር» የተባለው ስምዖን፣ የሰሜን አፍሪካዋ ቀሬና ሰው ሉክዮስ፣ ከሄሮድስ ጋር ያደገው ምናሔ፣ ሳውል። እነዚህ ሲጾሙና ጌታን ሲያገለግሉ መንፈስ ቅዱስ በርናባስንና ሳውልን ለዩልኝ አለ። ከአምስቱ ሁለቱ፣ ያውም ዋነኞቹ! ቤተ ክርስቲያኒቱ ጾማ፣ ጸልያ፣ እጅ ጭና አሰናበተቻቸው። ስደት ሳይበትናት፣ አስባበትና ወድዳ መምህራኖቿን ወደ ሩቅ አገር የሰጠች ማኅበር በመጽሐፉ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የምናገኘው እዚህ ነው። ለጥያቄዎ ያለኝ መልስ ይህ ነው፦ አንጾኪያ ራሷ በስደተኞች ቃል የተወለደች ስለነበረች ለሌሎች መስጠት አልከበዳትም።

ከተማዋ ዛሬ አንታኪያ ትባላለች፣ በደቡብ ቱርክ ትገኛለች። በተራራው ግርጌ የቅዱስ ጴጥሮስ የሚባለው ዋሻ አለ። ፊት ለፊት ያለው የድንጋይ ግንብ በመስቀል ጦረኞች ዘመን የተሠራ ነው፤ ውስጡ ግን ጥልቀቱ 13 ሜትር ያህል የሆነ ጨለምለም ያለ ዓለት ነው። ወለሉ ላይ የአሮጌ ሞዛይክ ቁራጮች ይታያሉ፤ ግድግዳውን ስነካው እጄ ረጠበ። ጥንታውያኑ እዚያ እንደተሰበሰቡ የሚነገረው በትውፊት ነው፤ ቢሆንም ለረጅም ጊዜ መውጣት አልቻልኩም። በማግስቱ ጳውሎስና በርናባስ መርከብ ወደተሳፈሩባት ወደ ሴሌውቅያ ወረድኩ፤ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጥንቱ ወደብ ደለል ሞልቶት ሜዳ ሆኗል። ከሜዳው ወዲያ ባሕሩ አለ፣ ከባሕሩ ወዲያ ቆጵሮስ።

አንጾኪያ ግን ፍጹም ነበረች ማለቴ አይደለም። ገላትያ ምዕራፍ 2ን ያንብቡ፦ ጴጥሮስ ከአሕዛብ ጋር ከአንድ ማዕድ ይበላ ነበር፤ ከኢየሩሳሌም መሪ ከያዕቆብ ዘንድ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ራሱን ለየ፣ በርናባስ እንኳ ተከተለው፣ ጳውሎስም ጴጥሮስን በሁሉ ፊት ገሠጸው። ማን ከማን ጋር ይበላል የሚለው ጥያቄ እንደ እኛ ማዕድ ለሚያከብር ሕዝብ ቀላል አይደለም። ያ ክርክር እዚያው ባይገጥም ኖሮ ጳውሎስ ለአሕዛብ ይዞ የሚሄደው ወንጌል ሌላ መልክ ይኖረው ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ወዲህም ከተማዋ መምህራን ማፍራቷን አላቆመችም። ኤጲስ ቆጶሷ አግናጥዮስ በሮማዊው ንጉሠ ነገሥት በትራያኖስ ዘመን ታስሮ ወደ ሮም ሲወሰድ በመንገድ ሰባት መልእክታት ጻፈ። ከአሥራ አራቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ የሚጠራው ዮሐንስ አፈወርቅም የተወለደውና ለዓመታት የሰበከው በአንጾኪያ ነው፤ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው በ398 እ.ኤ.አ. ነበር።

ጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ቡና የጠጣሁባቸው የአሮጌው ከተማ ሰፈሮች ፈራረሱ። በ115 እና በ526 እ.ኤ.አ. እንዲሁ ፈርሳ ነበር። ዜናውን ስሰማ ያ ሁሉ ጠባብ መንገድ በዓይኔ መጣብኝ፣ አለቀስኩም።

እህታችን፣ ካርታ ዘርግተው ምዕራፍ 11ን፣ 13ን፣ ከዚያም የ14ን መጨረሻ ያንብቡ። እዚያ ጳውሎስና በርናባስ ወደ አንጾኪያ ተመልሰው ማኅበሩን ሰብስበው እግዚአብሔር ያደረገውን ሁሉ ይነግራሉ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጉዞም የተነሡት ከዚያው ነው፤ በካርታው ላይ በጣትዎ ቢከተሉት በግልጽ ይታይዎታል።